የመንዝ በግ ፀጉር ፈትሎ ሹራብ መሥራት

የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ስለሆነ ለአንገት ልብስ አይመችም፤ ለደብረ ብርሃን ብርድ ግን ከላይ የሚደረብ ሹራብና ወፍራም ካልሲ ይወጣዋል። ጥቁሩና ቡናማው ቀለምም አያስፈልገው!

ፀጉሩን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፉ እንጂ አትሹት፤ በሙቅ ውሃ ከታሸ ተጣብቆ ይቀራል። ጥላ ላይ አድርቃችሁ በጣት አፍታቱት።

እንዝርቱን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አሹሩ። ፀጉሩ ከጣት መሃል እየሳሳ ክር ሲሆን ማየት እጅግ ደስ ይላል። ክሩን ስታላሉት በራሱ ላይ እጅግ እየተቋጠረ ከተጠቀለለ ከሯል፤ ስትስቡት ተንሸራቶ ከተለያየ ላልቷል። ሁለት ክር በተቃራኒው አቅጣጫ ግመዱ፤ ነጠላው ሹራቡን ወደ ጎን ያጣምመዋል። ከዚያ 20 ደቂቃ ውሃ ውስጥ አቆይታችሁ ስቀሉት።

በ5 ሚሊ ሜትር የሹራብ መርፌ መጀመሪያ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር መሞከሪያ ሥሩ። ጨርቁ ድርቅ ብሎ አልታጠፍ ካለ መርፌውን በወፍራም ቀይሩ።