«እኔ ጋ ይሠራል» የሚባል ኮድ ይዛችሁ ውድድር አትሂዱ

ከደሴ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የክበባችንን ሮቦት ለውድድር በካርቶን አድርገን፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭናችን ላይ አስቀምጠን ወረድን። ማታ መብራት ጠፍቶ ስላደረ ኮዱ ያለበት ላፕቶፕ ባትሪው ሞቷል። ምን ችግር አለ ብለን ኮዱን በፍላሽ ወደ ሌላ ላፕቶፕ ገለበጥን። ኮምፓይል ስናደርገው (ሮቦቱ ወደሚገባው ቋንቋ ስንቀይረው) በስህተት መልእክት ቀይ በቀይ ሆነ! ለካ የርቀት ሴንሰሩ ላይብረሪ (ኮዳችን የሚጠራው ዝግጁ ኮድ) እዚያ ላፕቶፕ ላይ አልተጫነም። ዳታ ከፍተን፣ ፈልገን፣ እስክናወርድ ተራችን አለፈ። ኮዱ ላይ እኮ አንዲት ስህተት አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳላስጨርስ የክበቡን ልጆች አልለቅም፦ ኮዱ ስንቁን ራሱ ይያዝ፣ ኮምፓይል የሚያደርገውም ማሽኑ ራሱ ይሁን።

አብዛኛው የእኛ አካባቢ ክበብ የሚጠቀመው አርዱዪኖ ኡኖ የሚባለው የሮቦት መቆጣጠሪያ ቦርድ ስለሆነ በእሱ ልጀምር። አርዱዪኖ ሲኤልአይ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አውርዱት። መስኮትና ቁልፍ የለውም፣ በጽሑፍ ትዕዛዝ ብቻ ነው የሚሠራው። ልጆች መጀመሪያ ሲያዩት ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ግን ትዕዛዝ ስክሪፕት (ትዕዛዞችን በተራ የሚያስኬድ ፋይል) ውስጥ ይገባል፣ በማውስ የሚጫኑት ቁልፍ አይገባም።

ቀጥሎ ኮዱ ያለበት ፎልደር ውስጥ ስኬች.ያምል (sketch.yaml) የሚባል ፋይል ፍጠሩ። እዚያ ላይ ፕሮፋይል ትጽፋላችሁ፤ ማለትም የቦርዱ ዓይነት፣ የፕላትፎርሙ (ለቦርዱ የሚያስፈልገው የሶፍትዌር ጥቅል) ቨርዥን፣ የእያንዳንዱ ላይብረሪ ስም ከነቨርዥኑ። ኮምፓይል የሚለውን ትዕዛዝ ከፕሮፋይሉ ስም ጋር ስትሰጡት ላፕቶፑ ላይ ቀድሞ የተጫነውን ላይብረሪ ትቶ ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ብቻ ይወስዳል። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ አንዱ ልጅ ባለፈው ዓመት የጫነው አሮጌ ላይብረሪ ሌላውን አያሳስተውም። የመጀመሪያው ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ሁሉንም ስለሚያወርድ አቦሉ እስኪወርድ ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ ዋይፋይ ያለበት ቦታ በሁላችሁም ላፕቶፕ ላይ አንድ አንድ ጊዜ አስኬዱት። ከዚያ በኋላ ያወረደውን አስቀምጦ ስለሚጠቀም ዳታ አይበላም።

በነገራችን ላይ የፎልደሩ ስምና የዋናው ፋይል ስም አንድ መሆን አለበት። ይቺን ሳያውቁ ስንት ሰዓት የሚያቃጥሉ አሉ መሰላችሁ።

አሁን ትዕዛዙን አንድ ስክሪፕት ውስጥ አስገቡትና ጊት ከሚባለው የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ፕሮግራም ጋር አገናኙት። ፕሮጀክታችሁ ውስጥ .git የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ፣ በውስጡም ሁክስ (hooks) የሚባል ፎልደር፤ ፕሪ-ፑሽ (pre-push) የሚል ፋይል እዚያ ፈጥራችሁ ስክሪፕቱን እንዲጠራ አድርጉ። ኮዱ ኮምፓይል ካልሆነ ፑሹ (ኮዱን ወደ ጋራ ማከማቻው መላኩ) ይቆማል። ኮሚት በተደረገ (ለውጥ ላፕቶፑ ላይ በተመዘገበ) ቁጥር ይሁን የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን አልመክርም፤ ልጆቹ ይሰለቻቸውና ማለፊያ መንገድ ይፈልጋሉ። ይህ ፋይል (ሁኩ) ደግሞ ከኮዱ ጋር አብሮ አይወርድም፣ እያንዳንዱ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ለብቻ መቀመጥ አለበት።

ኔትወርክ ሲኖር ሁለተኛ ጠባቂ ጨምሩ፦ ጊትሃብ አክሽንስ፣ ማለትም ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሃብ የሚባለው ድረ ገጽ ኮዱን በራሱ የሚፈትሽበት አገልግሎት። ዎርክፍሎውስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ አጭር ፋይል ታስቀምጣላችሁ፤ ኮድ በገባ ቁጥር ባዶ ማሽን ይነሳል፣ አርዱዪኖ ሲኤልአይን ይጭናል፣ ያንኑ ስክሪፕት ያስኬዳል። ባዶ መሆኑ ነው ጥቅሙ፣ ምንም የሚያስታውሰው ነገር የለም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ነፃ ነው፤ ዝግ ከሆነ በነፃው አካውንት በወር 2,000 ደቂቃ ይሰጣችኋል፣ ለአንድ ክበብ ከበቂ በላይ ነው። ኡኖ ሳይሆን የኤፍቲሲ ወይም የኤፍአርሲ (ፈርስት የሚባለው ድርጅት ውድድሮች) ሮቦት በጃቫ የምትሠሩ ከሆነ ግሬድል የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፣ አንዴ ካወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራም ማዘዝ ይቻላል።

አረንጓዴ ምልክት ስታዩ ግን አትዘናጉ። የግራና የቀኝ ሞተር ገመድ ብታቀያይሩ ኮምፓይለሩ ምን ያውቃል? መጨረሻ ላይ የሚያወጣትን ቁጥርም እዩ፤ የተለመደው ኡኖ (አር3) ለኮድ 32,256 ባይት፣ ለተለዋዋጮች 2,048 ባይት ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛው ሊሞላ ሲቃረብ ሮቦቱ ያለ ምክንያት እንደ ሰከረ ሰው ይዞራል።

ለውድድር ቀን ደግሞ ኮምፓይል የተደረገውን ፋይል ለብቻው አውጡት፤ ሲኤልአዩ ይህን የሚያደርግ አማራጭ አለው። ያንን ፋይል እንደገና ኮምፓይል ሳታደርጉ ቀጥታ ቦርዱ ላይ መጫን ትችላላችሁ፣ ላይብረሪ ምናምን አይጠይቅም። ሦስት ፍላሽ ላይ ገልብጡት፤ ሦስቱም አንድ ሰው ኪስ ውስጥ አይሁኑ።