ምጣዱ ስንት ዋት ይበላል? ከቮልትና ከአምፔር ተነስቶ ማስላት

እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የመስመሩ ነው። የማን እንደሆነ ለመለየት ሁለት ልኬትና ሁለት ስሌት ይበቃል፦

ኦም (የሽቦው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንቱን የሚገድብበት መጠን) = ቮልት ÷ አምፔር
ዋት = ቮልት × አምፔር

ቮልቱንም አምፔሩንም የምትለኩት ምጣዱ በርቶ ሳለ ነው። ምጣዱ ሲጠፋ 220 ቮልት የሚያሳይ ሶኬት ሲበራ 195 ሊወርድ ይችላል፤ ለስሌቱ የሚያስፈልገው የኋለኛው ቁጥር ነው።

ቮልቱን በመልቲሜትር በኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ለኩ። ከመንካታችሁ በፊት ቀዩ ገመድ የተሰካበትን ቀዳዳ እዩ። በ10 አምፔሩ ቀዳዳ ተሰክቶ ከቀረና ሶኬት ውስጥ ከገባ መልቲሜትሩ ቀጥታ ሾርት ይሆናል፤ እጅ ላይ የሚፈነዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

አምፔሩን በዚያው በ10 አምፔር ቀዳዳ ለመለካት አትሞክሩ፤ ምጣድ 16 አምፔር አካባቢ ይስባል። ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን በመንጋጋው ጎርሶ ከረንቱን የሚለካ መሣሪያ) ተጠቀሙ፤ መንጋጋውም አንድ ሽቦ ብቻ ይጉረስ። ሙሉ ገመዱን ካጎረሳችሁት የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት ስለሚጣፉ ዜሮ ያነባል። ሽቦዎቹ ተለያይተው የሚገኙት ብሬከሩ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ ኤሌክትሪክ ስላለበት ያልለመደ ሰው አይንካው።

ክላምፕ ከሌለ ቆጣሪው አለ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ትንሿ መብራት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል። ቤት ውስጥ ያለውን ሌላውን ሁሉ አጥፉና 10 ብልጭታ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ያዙ፤ ሰዓቱን የምታስነሱት በአንዷ ብልጭታ ነው፣ እሷ አትቆጠርም። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 3,600,000 ዋት ሰከንድ ስለሆነ፣ የተጻፈው 1000 ከሆነና 12.6 ሰከንድ ከፈጀ፣ 3,600,000 ÷ 1000 × 10 ÷ 12.6 = 2857 ዋት ይሆናል። ይህን ለቮልቱ ብታካፍሉት አምፔሩ ይወጣል።

አሁን ፍርዱ። ምጣዱ ላይ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ተጽፏል እንበል። የሽቦው ሬዚስታንስ ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ለዋቱ ሲካፈል ነው፤ 220 × 220 ÷ 3500 = 13.8 ኦም። ልኬቱ ደግሞ 198 ቮልትና 14.4 አምፔር ሰጠ፤ 198 ÷ 14.4 = 13.75 ኦም። ሁለቱ ስለተቀራረቡ ምጣዱ ጤነኛ ነው። ኃይሉ ግን 198 × 14.4 = 2851 ዋት ብቻ ነው። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ አምፔሩም አብሮት ስለሚወርድ፣ ኃይሉ በ19 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቆጣሪው ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ቁጠባ ይመስላል፤ አይደለም። ምጣዱ ወደ አየር የሚያባክነው ሙቀት ብዙም ስለማይቀንስና መጋገሩ ስለሚረዝም ለአንድ እንጀራ የሚወጣው ይበዛል።

ቮልቱ የት ጠፋ? ምጣዱ በርቶ እያለ ቆጣሪው መውጫ ላይም ይለካ። እዚያ 205፣ ምጣዱ ጋ 198 ከሆነ 7 ቮልት የጠፋው ቤት ውስጥ ነው። 7 ÷ 14.4 = 0.49 ኦም፤ ይህ 20 ሜትር ርቀት በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ሲዘረጋ የሚመጣው ነው (የመዳብ ሬዚስታንስ 0.0175 × 40 ሜትር ደርሶ መልስ ÷ 1.5 = 0.47)። 100 ዋት ገደማ ግድግዳ ውስጥ እየሞቀ ነው ማለት ነው። ለምጣድ 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ቢዘረጋ 0.175 ኦም ይሆናል። ቆጣሪው ጋ ራሱ 198 ከሆነ ግን የቤቱን ገመድ መቀየር ከንቱ ወጪ ነው።

የለካችሁት ኦም ከተጻፈው ዋት ከተሰላው እጥፍ ከሆነ፣ በሁለት ሽቦ የሚሠራ ምጣድ ላይ አንዱ ተበጥሷል። ካነሰ ሽቦው አጥሯል። የተቃጠለውን ቆርጦ ቀሪውን ስቦ መቀጠል የተለመደ ጥገና ነው፤ ለምን እንደማይበረክት ቁጥሩ ይናገራል። 1000 ዋት ስቶቭ በ220 ቮልት 48.4 ኦም ነው። አንድ አምስተኛው ሲቆረጥ 38.7 ኦም፣ 5.7 አምፔር፣ 1250 ዋት ይሆናል። ባለቤቱ “ከአዲሱ ባሰ!” ብሎ ይደሰታል፤ እያንዳንዷ ሴንቲሜትር ሽቦ ግን ከበፊቱ 56 በመቶ የበለጠ ሙቀት ስለምትሸከም ብዙ ሳይቆይ በሌላ በኩል ይበጠሳል።

የላላ ስፒናም በዚሁ ስሌት ይያዛል። ቮልት አምፔር × ኦም ስለሆነ፣ 0.2 ኦም ብቻ ያለው መጥፎ ንክኪ በ16 አምፔር 16 × 16 × 0.2 = 51 ዋት ያመነጫል፤ ያ ሁሉ የሚያርፈው በአንዲት የስፒና እግር ላይ ነው። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ የዓሣ የሚመስል ሽታ ካመጣ ስፒናውም ሶኬቱም ይቀየሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር አዲሱን ማበላሸት ነው።

ባለ ሽቦ አምፖልን በኦም መለኪያ ለክታችሁ ዋቱን አታስሉ። የ60 ዋት አምፖል ሲበራ 807 ኦም ገደማ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ግን ከዚያ አንድ አሥረኛውን እንኳ ላያሳይ ይችላል። ፍሪጅና ፓምፕ ላይም ቮልት × አምፔር ከእውነተኛው ዋት ይበልጣል፣ ሞተር ከሚስበው ከረንት ከፊሉ ሥራ ሳይሠራ ወደ መስመሩ ስለሚመለስ። ለእነሱ የቆጣሪውን ብልጭታ መቁጠር ይሻላል።