ስኳርና ደም ግፊት ላለባቸው አዛውንት አቅምን ያገናዘበ የጉዞ መድን አፈላለግ

እናቴ ፍራንክፈርት የምትኖረውን ታናሽ እኅቴን ለመጠየቅ ከባሕር ዳር ስትነሣ ዕድሜዋ 70 ነበር፤ ስኳርና ደም ግፊት ከያዛትም ከ12 ዓመት በላይ ሆኗል። ቪዛው የጉዞ መድን ስለሚጠይቅ እኔም መጀመሪያ ያየሁት ዋጋውን ብቻ ነበር። ርካሹን ገዝቼ ቤት ከገባሁ በኋላ ግን፣ አራተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የታወቀ ሕመምም ሆነ ከእርሱ የሚመነጭ ችግር እንደማይሸፈን የሚገልጽ አንቀጽ አገኘሁ። ያ ወረቀት ለቪዛ ይበቃ ነበር፤ እናቴ ስኳሯ ወርዶ ሆስፒታል ብትገባ ግን አንዲት ሳንቲም አይከፍልም ነበር። ሁለተኛውን ውል እንዴት እንደገዛን የጻፍኩት እንደ እርሷ ላሉ ወላጆችና ለልጆቻቸው ነው።

ፍለጋውን ከሐኪም ዘንድ ቢጀምሩ ይመረጣል። ክትትልዎ በፈለገ ሕይወትም ይሁን በጥበበ ግዮን ወይም በግል ክሊኒክ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ ይጠይቁ። ማስረጃው የሕመሙን ስም፣ የጀመረበትን ዓመት፣ የቅርብ ጊዜ የስኳርና የግፊት ልኬትን፣ ባለፉት 12 ወራት ሆስፒታል ተኝተው እንደሆነና እንዳልሆነ፣ እንዲሁም ለመጓዝ ጤናዎ የሚፈቅድ መሆኑን ሊገልጽ ይገባል። የመድኃኒቶቹ ስም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ የእናቴን መድኃኒት ከሰማያዊ ፌስታሏ አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ስንደረድር፣ አንዱ የግፊት መድኃኒት፣ አምሎዲፒን፣ በሁለት የተለያየ የንግድ ስም ተገኘ፤ ከአንድ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ሲኬድ ስሙ ይለዋወጣልና። ስለዚህ ማስረጃው ላይ የሚሰፍረው እንደ ሜትፎርሚንና አምሎዲፒን ያለው የሕክምና ስማቸው ከነመጠናቸው ይሁን።

ጊዜውም ዋጋ አለው። በተለይ የካናዳ ኩባንያዎች የቆየ ሕመምን የሚሸፍኑት ከጉዞው በፊት ለተወሰኑ ቀናት፣ ብዙ ጊዜ ለ90 ወይም ለ180 ቀናት፣ ሕመሙ ሳይባባስና መድኃኒቱ ሳይለወጥ ከቆየ ነው። የመጠን ለውጥ እንኳ ቆጠራውን እንደ አዲስ ሊያስጀምረው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሊለውጥ ያሰበው መድኃኒት ካለ ቀደም ብሎ እንዲለውጠውና ጉዞው ከዚያ በኋላ እንዲቆረጥ ይነጋገሩ፤ ለመድን ሲባል አስፈላጊ ሕክምናን ማዘግየት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ከዚያ የሚሄዱበት አገር የሚጠይቀውን ይወቁ። የሸንገን አገሮች፣ ማለትም ጀርመንን ጨምሮ በአንድ የጋራ ቪዛ የሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ድንገተኛ ሕክምናንና ወደ አገር የመመለሻ ወጪን ያካተተ መድን ግዴታ ያደርጋሉ። ካናዳ የሚኖሩ ልጆችን ለሚጠይቁ ወላጆችና አያቶች የሚሰጠው የካናዳ ሱፐር ቪዛ ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላርና የአንድ ዓመት ሽፋን ይፈልጋል። አሜሪካ ለጎብኚ ቪዛ መድን ባይጠይቅም የሕክምናው ዋጋ እጅግ ከባድ ስለሆነ ያለ መድን መሄድ አልመክርም። እዚያ ለጎብኚዎች በሚሸጡት ውሎች ውስጥ፣ የቆየ ሕመም ድንገት ሲነሣ ብቻ የሚከፍል ሽፋን አለ፤ ይህ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከተወሰነ ዕድሜ በኋላ ይቀራል ወይም ይቀንሳል። አገር ቤት ያለው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካርድ ውጭ አገር እንደማያገለግልም ይታወቅ፤ አንዳንድ አረጋውያን በእርሱ ተማምነው ይነሣሉ።

ቅጹ ላይ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በልደት ዓመት ነው። በ1947 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ 1954 ወይም 1955 ነው፤ ተሳስቶ 1947 ብሎ ከሞላ ግን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። ዓረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ፣ በዕድሜ እርከን ስለሚጨምር የማይገባውን ይከፍላል፤ ከፓስፖርቱ ጋር ስለማይስማማም ኋላ ካሳ ሲጠየቅ ክርክር ያመጣል። ሁልጊዜ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ይገልብጡ።

ባሕር ዳር የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ሆነ የግል ኩባንያዎች ቅርንጫፍ ስላላቸው ቢያንስ ሦስቱን መጠየቅ ይቻላል። ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ማስረጃዎን አሳይተው፣ የዕድሜ ጣሪያቸውን፣ ይህ ሕመም ይሸፈን እንደሆነና ለእርሱ ተጨማሪ ዓረቦን ምን ያህል እንደሆነ፣ ሆስፒታሉን በቀጥታ ይከፍሉ ወይስ እርስዎ ከፍለው በኋላ ይተኩ እንደሆነ ይጠይቁ። ቪዛ ቢከለከሉ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም አይርሱ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ሠራተኛው በቃል «ችግር የለም» ያለኝን አምኜ ነበር የከፈልኩት።

ዋጋ የሚቀንሰው በሚከተሉት መንገዶች ነው። ቀኑን በልክ ይግዙ፤ ለ40 ቀን ጉዞ የ90 ቀን ውል አያስፈልግም፣ ቪዛው የሚጠይቀውን ቀን ግን አያሳጥሩ። አሜሪካንና ካናዳን የማያካትት ሽፋን ከመላው ዓለም ሽፋን ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። ሻንጣና የበረራ መዘግየት በተናጠል የሚቀነሱ ከሆነ ይተዉዋቸው። ቪዛው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከካሳው በፊት ደንበኛው በራሱ የሚችለውን ወጪ፣ ማለትም ኤክሰስ የሚባለውን፣ ከፍ ማድረግም ዓረቦኑን ያወርዳል፤ ይህ የሚጠቅመው ግን ያን ያህል ገንዘብ በእጅ ሲኖር ነው። ባልና ሚስት ከሆኑ በጋራም በተናጠልም ዋጋ ያስወጡ፤ የአንዳቸው ዕድሜ የሁለቱንም ሊያስወድድ ይችላልና። ውጭ ያሉ ልጆች ካሉበት አገር ኩባንያም ይጠይቁ፤ ለእኛ በመጨረሻ የተሻለ ሆኖ የተገኘው እኅቴ ከዚያው የገዛችው ነው።

ሕመምን በመደበቅ ግን ዋጋ አይቀንሱ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት የመድን ሰጪውን ውሳኔ የሚለውጥን ነገር አውቆ መደበቅ ውሉን ፈራሽ ያደርገዋል። ሆስፒታሉ የቆየ ሕመምን ከደም ምርመራና ከሚወስዱት መድኃኒት በቀላሉ ያውቃል፤ መድን ሰጪውም የሕክምና መዝገቡን ይጠይቃል። እናቴ መጀመሪያ «ልጄ፣ ስኳሩን ካልነገርናቸው አይረክስም?» ብላኝ ነበር፤ ብዙ እናቶችም ይህንኑ ይላሉ። ያስረዳኋት ያን ጊዜ የምናተርፈው የዓረቦን ልዩነት ሲሆን፣ የምናጣው መላው የሆስፒታል ሒሳብ መሆኑን ነው።

ከመነሣቷ በፊት የውሉን ቁጥርና የ24 ሰዓት የእርዳታ ስልኩን በጠንካራ ወረቀት ላይ በአማርኛና በጀርመንኛ ጻፍንላት፤ ብዙ ውሎች ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ከሕክምናው በፊት ቢሮው እንዲደወልለት ስለሚጠይቁ፣ ያንንም ከሥሩ አሰመርንበት። ወረቀቷን ከመድኃኒቶቿ ጋር በዚያችው ሰማያዊ ፌስታል ውስጥ አድርጋ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ሄደች።