ድመታችሁን በዓይን አናግሯት

ሐዋሳ ውስጥ ድመት ማላመድ ምን ይከብዳል እል ነበር። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የመጣ የዓሣ ጭንቅላት ካለ ማን ይሸሻል? የኛዋ ግን ዓሣዋን ጥርግ አድርጋ ትበላና ተመልሳ አልጋ ሥር ትገባለች።

ለካ ጥፋቱ የኔ ነው። አፍጥጬ ነበር የማያት። ድመት ደግሞ ትኩር ብሎ ማየትን እንደ ዛቻ ነው የምትቆጥረው። እናንተ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጉና እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ቀስ ብላችሁ ጨፍናችሁ ክፈቱ። ደጋግሙት። መልሳ ከጨፈነች ተግባባችሁ ማለት ነው። እንግሊዝ አገር የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ድመቶች እንዲህ ላደረገላቸው እንግዳ ሰው እንኳ ይበልጥ እንደሚቀርቡ አይተዋል።

ከዚያ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጠብቁ፤ አትጎትቷት። ራሷ መጥታ ጉንጯን ካሻሸችባችሁ ጠረኗን እየቀባቻችሁ ነው፣ ጉንጯ ላይ ጠረን የሚያመነጭ ዕጢ አላት። ጉንጯንና አገጯን እከኩላት። ሆዷን ተዉት! ተንጋላ ብታሳያችሁም ንኩኝ ማለቷ አይደለም። እጄ ላይ ያለው ጭረት ምስክር ነው። ጭራዋን ወዲያ ወዲህ ማወራጨት ከጀመረችም በቃ፣ አቁሙ።

የኛዋ በሁለት ሳምንት ከአልጋ ሥር ወጣች። አሁን ችግሩ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። «ምነው ልጄ፣ ድመት ይጠቀሳል እንዴ?» ይሉኛል ባዩኝ ቁጥር።