የአኳሪየም መስታወት ሳይጫር አልጌን ማጽዳት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አልጌ፣ ያ መስታወቱ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፣ ዛሬ ባይለቅ ነገ ይለቃል። ጭረት ግን አንዴ ከገባ ገባ ነው። እጅዎን ወደ ዓሣ ገንዳው ከማስገባትዎ በፊት ይህን ልዩነት ያስቡት። ብዙ ጊዜ አረንጓዴው ነገር ዓይናችን ውስጥ የሚገባው እንግዳ ሊመጣ ሲል ነው። ያን ጊዜ ያገኘነውን ይዘን እንፈትጋለን። መስታወቱም ለጊዜው ጥርት ይላል። ጭረቱ የሚታየው ማታ፣ የገንዳው መብራት ሲበራ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ከሌሎቹ ሁሉ ስለሚብስ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

አሸዋውን መርሳት

መስታወቱን የሚጭረው ብዙውን ጊዜ ስፖንጁ ወይም ማግኔቱ አይደለም። በመሃል የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ናት። የማዕድናት ጥንካሬ በሚለካበት በሞህስ መለኪያ ተራ መስታወት 5.5 አካባቢ ነው። የብዙ አሸዋ ዋና አካል የሆነው ኳርትዝ ደግሞ 7 ነው። ጠንካራው ለስላሳውን ይጭራል። ስለዚህ ማጽጃዎ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን፣ አሸዋ ከያዘ ልስላሴው አያድንዎትም።

በማግኔት ማጽጃ ነገሩ የሚበላሸው እንዲህ ነው። አንዱ ግማሽ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ሆኖ በመስታወቱ በኩል ይሳሳባሉ። ጥግ ላይ ሲደርሱ የውስጡ ይላቀቅና አሸዋው ላይ ዱብ ይላል። አብዛኛው ሰው እጁን ማርጠብ አይፈልግም። የውጩን ግማሽ ወደ ታች ያወርድና የወደቀውን ስቦ ያነሳዋል። ማግኔቱ ጠቅ ብሎ ይያያዛል፣ ሥራውም ይቀጥላል። አሁን ግን በማጽጃው ፊትና በመስታወቱ መካከል ሁለት ሦስት ቅንጣቶች አብረው ይጓዛሉ። ከዚያ በኋላ የስልክዎን መብራት ከጎን ቢያበሩበት፣ ከታች ተነስተው የክንድዎን እንቅስቃሴ ተከትለው የታጠፉ ቀጫጭን መስመሮች ያያሉ። ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም አይለዋወጥም። እያንዳንዱ መስመር የአንዲት ቅንጣት መንገድ ነው።

ማግኔቱ ከወደቀ እጅጌዎን ሰብስበው በእጅዎ ያውጡት። ቧንቧ ስር ያጥቡት፣ ፊቱን በጣትዎ ዳብሰው ይፈትሹት፣ ከዚያ ይመልሱት። ሲሠሩም ከአሸዋው በላይ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ሲቀርዎ ያቁሙ። ከታች የምትቀረዋን ጠባብ ክፍል ለማግኔት አይስጧት። መጀመሪያ አሸዋውን ከመስታወቱ ትንሽ ገፋ ያድርጉት። ከዚያ በፕላስቲክ ካርድ ከታች ወደ ላይ ብቻ ይፋቁ፤ በየመሃሉም የካርዱን ጠርዝ ያለቅልቁት።

ማግኔቱን ሥራ ሲጨርሱ ውስጥ ባይተዉት እመርጣለሁ። ጎልድፊሽን የመሳሰሉ ዓሣዎች አሸዋ በአፋቸው እያፈሱ ይተፋሉ። የተፉት ደግሞ ማጽጃው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጥቁር አሸዋ ላለው ሰው ሌላም ጉዳይ አለ። አንዳንድ ጥቁር አሸዋ ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስለሚገኝ ቅንጣቶቹ ራሳቸው ወደ ማግኔቱ ይሄዳሉ። አሸዋውን ከመግዛትዎ ወይም ከወንዝ ዳር ከማምጣትዎ በፊት ማግኔት አስጠግተው ይሞክሩት። ከተያያዘ ሌላ አሸዋ ይፈልጉ፣ አለዚያም ማግኔት ማጽጃን ይርሱት።

የወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያን መጠቀም

የድስት ሽቦ ምጣድና ድስት ለመፈተግ የተሠራ ነው፤ እዚያው ይቆይ። መስታወት መጫሩ ብቻ አይደለም፣ ብጥስጣሹ ውሃው ውስጥ ቀርቶ ይዝጋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን በስፖንጁ ነው። ቢጫው ወገን ለስላሳ ነው። ከጀርባው ያለው አረንጓዴ ሻካራ ክፍል ላይ ግን ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ የተባለ መፈተጊያ ዱቄት አለበት። የእሱ ጥንካሬ በሞህስ መለኪያ 9 ነው። ከአሸዋም ይብሳል ማለት ነው።

ያገለገለ ስፖንጅ ከሆነ ደግሞ ዘይትና ሳሙና ጠጥቷል። ጥሩው ነገር፣ መፍትሔው ውድ አይደለም። የውሃ ማጣሪያው (ፊልተር) ውስጥ የሚገባው ነጭ ለስላሳ ፋይበር ለመስታወትም እጅግ ተስማሚ ነው። ሳሙና ያልነካው አዲስ ለስላሳ ስፖንጅም ይሆናል። ለጥጋጥግ ደግሞ አዲስ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

እነዚህን ዕቃዎች ለብቻቸው፣ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ያስቀምጧቸው። ቤት ውስጥ ለሚያግዝዎ ሰውና ለልጆችም ቀድመው ይንገሩ። «ይሄ የዓሣዎቹ ነው፣ ለሌላ አይነካም» ማለት በቂ ነው። አለበለዚያ አንድ ቀን እርስዎ በሌሉበት፣ በቅን ልብ፣ ገንዳው በሽቦና በኦሞ ታጥቦ ይጠብቅዎታል።

መስታወት ይሁን አክሪሊክ አለመለየት

ሁሉም ገንዳ መስታወት አይደለም። አክሪሊክ የሚባለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከመስታወት እጅግ ለስላሳ ነው፤ ምላጭ ሊነካው አይገባም፣ ሻካራ ጨርቅም ይጭረዋል። ለመለየት ጠርዙን ይመልከቱ። የተራ መስታወት ጠርዝ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ መጋጠሚያውም ላይ ጥቁር ወይም ጥርት ያለ ሲሊኮን ይታያል። አክሪሊክ ሲነኩት እንደ መስታወት አይቀዘቅዝም፣ ሲያንኳኩት ድምፁ ድፍን ነው፣ መጋጠሚያውም ያለ ሲሊኮን የተዋሃደ ነው። ጥጉ ሳይቆረጥ የታጠፈ ገንዳ ካለዎት በመጀመሪያ አክሪሊክ ነው ብለው ይጠርጥሩ።

አክሪሊክ ከሆነ ለአክሪሊክ ተብሎ የተሠራ ማጽጃ ብቻ ይጠቀሙ። ከእሱ ሌላ በባዶ እጅ ጣት ማሸት፣ ወይም ለስላሳ ጨርቅ። ሌላ አማራጭ አልመክርም።

በምላጭ መጀመር

አንዳንድ አልጌ በስፖንጅ አይበገርም። መስታወቱ ላይ ክብ ክብ ሆነው የሚለጠፉ፣ ደረቅ ያሉ ጥቃቅን አረንጓዴ ነጠብጣቦች ካዩ እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ሰው ተስፋ ቆርጦ በቀጥታ ምላጭ ያነሳል። ምላጭ ግን የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መሣሪያ አይደለም።

መጀመሪያ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ይሞክሩ። ፕላስቲክ ስለሆነ ራሱ መስታወት አይጭርም። ጠርዙን መስታወቱ ላይ ጋደም አድርገው፣ ነጠብጣቡን ከሥሩ እንደሚያነሱ አስበው በአጭር በአጭሩ ይግፉት። ሲለቅ በጣትዎ ይሰማዎታል፤ ካርዱ ሲንገጫገጭ የነበረው ድንገት ይንሸራተታል። ጠርዙ ሲደነዝዝ በመቀስ ቆረጥ ሲያደርጉት አዲስ ይሆናል።

ካርዱ ካልቻለ፣ ገንዳዎም በእርግጠኝነት መስታወት ከሆነ፣ ያኔ ምላጭ ይቻላል። አዲስ ይሁን። ዝገት ወይም ሽርፍ ያለበት ምላጭ ራሱ ጭረት ይሠራል። በባዶ ጣት የሚያዝ የጺም ምላጭ ስለሚታጠፍ፣ እጅንም ስለሚቆርጥ፣ እጀታ ያለው መፋቂያ ይሻላል። ከመስታወቱ ጋር ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያጋድሙት። ወደ ፊት ብቻ ይግፉ፣ አንስተው ይመልሱ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማመላለስ የተፋቀውን ቆሻሻ ከምላጩ ስር መልሶ ያስገባዋል። የምላጩ ሁለት ጫፎችም አደገኛ ናቸው፤ ክንድዎ ሲጣመም አንዱ ጫፍ ብቻ መስታወቱን ይነካና መስመር ይሰምራል።

ከሁሉ በላይ ግን ሲሊኮኑን ይፍሩት። ገንዳውን አያይዞ የያዘው እሱ ነው። ርዝመቱ 60፣ ስፋቱና ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እስከ አፉ ቢሞላ 96 ሊትር ይይዛል። ምላጭ መጋጠሚያውን ከቆረጠ ያ ሁሉ ውሃ ሳሎን ውስጥ ነው። ከሲሊኮኑ ሁለት ጣት ሲቀር ምላጩን ያስቀምጡና በብሩሽ ይቀጥሉ።

የደረቀ ነጭ ቅርፊትን በጉልበት መፋቅ

ውሃው ተንኖ ሲቀንስ ከላይ በኩል ነጭ መስመር ይቀራል። ይህ አልጌ አይደለም። ከውሃው የቀረ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በደረቁ መፈተግ ትርፉ ድካምና ጭረት ነው። አቼቶ ግን ያሟሟዋል። ውሃውን ከመስመሩ በታች ዝቅ ያድርጉ፣ ጨርቅ በአቼቶ ነክረው ጨመቅ አድርገው ይለጥፉበት፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ በካርድ ያንሱት። በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅም ደግመው ይጥረጉት። አቼቶው ወደ ዓሣዎቹ እንዳይንጠባጠብ ይጠንቀቁ፤ ውሃውን ያኮመጥጠዋል።

ውሃ ከመቀነስዎ በፊት ማሞቂያውን ይንቀሉ። እየሠራ ከውሃ ውጭ ከቀረ ሊሰነጠቅ ይችላል። በአጠቃላይ እጅ ሲያስገቡ የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን ሁሉ ከሶኬት መንቀል ልማድ ይሁንልዎ።

ሳሙና፣ በረኪና፣ የመስኮት ማጽጃ

ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ አንዱም አይገባም። ሳሙና የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። ብዙ የመስኮት ማጽጃዎች አሞኒያ አላቸው፤ አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። የውጩን መስታወት ለማጽዳት እንኳ ውሃ ያራሰው ጨርቅ ይበቃል። የግድ የሚረጭ ነገር ከተጠቀሙ ከገንዳው ራቅ ብለው ጨርቁ ላይ ይርጩት።

ውሃ ከቀየሩ በኋላ መፋቅ

ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ይፋቁ። የተፋቀው እስኪረጋ ትንሽ ይጠብቁ። ከዚያ በጎማ ቆሻሻውን ከውሃው ጋር ስበው ያውጡ። ሩብ ያህሉን መቀየር ለአብዛኛው ገንዳ ይበቃል። የተፋቀ አልጌ ውስጥ ከቀረ ይበሰብስና ለሚቀጥለው አልጌ ምግብ ይሆናል።

የሚጨምሩት የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት፣ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ ከ24 ሰዓት ያላነሰ ማቆየት ወይም የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ መጠቀም ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች፣ ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ፣ ውሃውን የሚያክሙት ከክሎሪንና ከአሞኒያ በሚሠራው በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን ስላሳደሩት ብቻ አይጠፋም። እዚያ ጠብታው ግድ ነው።

አልጌው እስኪወፍር መጠበቅ

ገና የጀመረ አልጌ በጨርቅ ይነሳል። የከረመው ነው ምላጭ የሚያስነሳው። በሳምንት አንዴ የፊቱን መስታወት ለደቂቃ ማበስ መስታወትን ከጭረት ከሚጠብቁ ነገሮች ሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

የኋላውንና የጎኑን መስታወት ግን ብዙም አይጨነቁበት። እዚያ ያለው ስስ አልጌ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን ናይትሬት ከውሃው ውስጥ ይወስዳል፣ ዓሣዎችና ቀንድ አውጣዎችም ይግጡታል። ዓይን የሚያርፈው ፊት ለፊት ነው። ያልተፋቀ መስታወት ደግሞ አይጫርም።

አዲስ ገንዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ቡናማ ነገር ዳያተም ይባላል። በጣት ብቻ ይለቃል። አብዛኛውን ጊዜም ገንዳው ሲረጋ ራሱ ይቀንሳል። በእሱ ምክንያት ጉልበት አያባክኑ።

አረንጓዴው ቶሎ ቶሎ የሚመለስ ከሆነ መብራቱን ይመልከቱ። በቀን በድምሩ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ቢበራ ይበቃል። ከመስኮት ቀጥታ ፀሐይ የሚገባበት ከሆነ መጋረጃ ይሳቡ ወይም ገንዳውን ያዛውሩ። ምግቡም ዓሣዎቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚበሉት ያህል ብቻ ይሁን። «አልጌ ይበላል» ተብሎ የሚሸጠውን ፕሌኮ የተባለ ዓሣ ለትንሽ ገንዳ አይግዙ። ሲሸጥ ጣት ያህላል፤ የተለመደው ዓይነት ግን ሲያድግ 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

ጭረቱ ቀድሞ ካለ

በጥርስ ሳሙና ለማጥፋት አይሞክሩ። መስታወት የሚወለወለው ሴሪየም ኦክሳይድ በተባለ የመወልወያ ዱቄት ነው። ለዚያ ደግሞ ገንዳው ባዶ መሆን አለበት። ሥራው ረጅም ነው፣ ካልተካኑበትም መስታወቱ ምስል የሚያዛባ ጎድጓዳ ይዞ ይቀራል። ከውስጥ በኩል ያለ ቀጭን ጭረት ውሃ ሲሞላው ስለሚደበዝዝ ትተውት ቢኖሩ ይሻላል። ጥፍርዎን ሲያሳልፉበት የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ከሆነ ግን መስታወቱን ያዳክማል። እንዲህ ያለውን ውሃ ከመሙላትዎ በፊት ገንዳ ለሚሠራ ባለሙያ ያሳዩት።