ከዲለር ውጭ የተገዛ እቃ ዋራንቲ ያጠፋል?

አሜሪካ ውስጥ ዋራንቲው፣ ማለትም የፋብሪካው ዋስትና፣ ያላለቀ መኪና አላችሁ እንበል። የፍሬን ሸራ አውቶዞን ከሚባለው የመኪና እቃ መደብር ገዝታችሁ ሰፈራችሁ ያለ አበሻ መካኒክ ጋ አስገጠማችሁ። "በቃ፣ ዋራንቲህን አበላሸኸው" የሚል ሰው አይጠፋም፤ አንዳንዴ የሚለው ራሱ ዲለሩ፣ የፋብሪካው ወኪል ሻጭ፣ ነው። አትደንግጡ፣ ሕጉ እንደዚያ አይልም።

እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ማግኑሰን-ሞስ የሚባል የፌዴራል የዋራንቲ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ፋብሪካው "የእኔን እቃ ካልገጠማችሁ፣ የእኔ ዲለር ጋ ካላሠራችሁ ዋራንቲ የላችሁም" ማለት አይችልም። እንዲህ ማለት የሚችለው እቃውን ወይም ሥራውን በነጻ ከሰጠ፣ አለዚያ ኤፍቲሲ የሚባለው የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ከሰጠው ብቻ ነው። ኮሚሽኑ በ2015 ቢኤምደብሊውን በሚኒ መኪኖቹ ዋራንቲ ምክንያት፣ በ2022 ደግሞ ሃርሊ-ዴቪድሰንን በዚሁ ጉዳይ ከሷል። ትልልቆቹም አላመለጡም ማለት ነው።

ነገሩ ግን ሌላም ጎን አለው። የገጠማችሁት እቃ ራሱ ጉዳት ካደረሰ ያንን ጉዳት ፋብሪካው አይከፍልም። ለምሳሌ ርካሽ የዘይት ፊልትሮ አፈሰሰ፣ ዘይቱ አለቀ፣ ሞተሩ ነከሰ፤ ዲለሩ ፊልትሮው መሆኑን ካሳየ የሞተሩ ወጪ የእናንተ ነው። በዚያው ሳምንት ኤሲው ቢበላሽ ግን ኤሲና ፊልትሮ ስለማይገናኙ ኤሲው አሁንም በዋራንቲ ይሠራል።

ስለዚህ ከመግጠማችሁ በፊት እቃው ከምን ጋር እንደሚነካካ አስቡ። ሸራ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ባትሪ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ልኩ እስከሆነ ድረስ ብዙ አያስጨንቅም። መኪናውን ከፍ ማድረግና ከልኩ የተለቀ ጎማ መግጠም ግን ኩሽኔታና መሪ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ዳሽካም (መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ) ስታስገጥሙ ገጣሚው ያገኘው ሽቦ ላይ የሚቀጥል ሰው ከሆነ፣ በኋላ የኤሌክትሪክ ችግር ሲመጣ ጣት የሚቀሰረው እዚያ ላይ ነው። ከሁሉም የሚከፋው የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም አስቀይሮ ጉልበት መጨመር ነው፣ ምክንያቱም ወደ ነበረበት ብትመልሱትም ብዙ ጊዜ ዱካው አይጠፋም፣ ሞተር ወይም ካምቢዮ ሲበላሽም ዲለሩ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። በእኔ እምነት ዋራንቲው እስኪያልቅ አትንኩት።

ዋናው ነገር ወረቀት ነው። ዘይት ባስቀየራችሁ ቁጥር ቀኑ፣ ማይሉ፣ የዘይቱ ዓይነትና የፊልትሮው ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ያዙ። ራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ የገዛችሁበትን ደረሰኝ አስቀምጡ፣ ማይሉንም እዚያው ላይ ጻፉበት። "በካሽ ከሆነ ልቀንስልህ፣ ደረሰኝ ግን የለም" የሚል መካኒክ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ዋራንቲ ላለው መኪና ግን ያቺ ቅናሽ አታዋጣም። አገልግሎቱን በጊዜው አላደረጋችሁም ቢሏችሁ የምትከራከሩበት ነገር አይኖራችሁም።

ዲለሩ "አንሸፍንም" ካለስ? አትጨቃጨቁ። "የትኛው እቃ ነው? የቱን ክፍል አበላሸ? እንዴት?" ብላችሁ ጠይቁና በጽሑፍ ይስጣችሁ። ብዙው ክርክር እዚህች ጋ ይረግባል፤ "እቃው ኦርጂናል አይደለም" ብቻውን ምክንያት አይሆንምና። የወጣውን አሮጌ እቃ እንዳይጥሉት ንገሯቸው፣ ፎቶም አንሱ። ከዚያ የሰርቪስ ማናጀሩን አነጋግሩ፣ ቀጥሎ በመኪናው መመሪያ ላይ ባለው የፋብሪካው ስልክ ደውሉ። ካልሆነ የሌላ መካኒክ አስተያየት በጽሑፍ ይዛችሁ ለኤፍቲሲና ለስቴታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አመልክቱ። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ መሄድ ይቻላል።

ኤክስቴንድድ (የተራዘመ) ዋራንቲ ብላችሁ ከሌላ ኩባንያ የገዛችሁት ግን በአብዛኛው የአገልግሎት ውል እንጂ የፋብሪካ ዋራንቲ አይደለም። ከላይ ያልኩትን ጥበቃ በሙሉ እዚያ አትጠብቁ፤ "አይሸፈንም" የሚለውን ገጽ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። ኡበርና ዴሊቨሪ የምትሠሩ ደግሞ ለንግድ ሥራ የሚውል መኪና የሚለውን መስመር ፈልጉ። የሃዩንዳይ የ10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል የሞተርና የካምቢዮ ዋራንቲ ለምሳሌ ታክሲና ዴሊቨሪ የሚሠራ መኪናን አያካትትም፤ እዚያ ላይ ኦርጂናል እቃ ብትገጥሙም ለውጥ የለውም።