ልጅን «ቀበጠ» ከማለታችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ አማርኛ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ በአንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሰርተፊኬት ላይ «ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ይቀብጣል» ብዬ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን አባቱ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ወረቀቱን ከጋቢያቸው ጫፍ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«መምህር፣ ይህ ልጅ ከየት አምጥቶ ነው የሚቀብጠው? ጧት ከብት አሰማርቶ ይመጣል፤ ቆሎ ቋጥሮ ይውላል።»

አፈርኩ። ልጁ ወንበር ላይ አርፎ የማይቀመጥ፣ የጎረቤቱን እርሳስ የሚነካካ፣ ዝንብ ሲያልፍ የሚዞር ነበር። ማለት የፈለግሁት «ቅብጥብጥ ነው» ነበር። ቅብጥብጥ ማለት እጅና እግሩ የማያርፍ ነው፤ ድሃም ሀብታምም፣ የጠገበም የተራበም ልጅ ቅብጥብጥ ይሆናል። ቀበጠ ሲባል ግን ሲሞላለትና እሺ ሲባል ኖሮ ልኩን አለፈ ማለት ነው፤ እናም ነቀፋው ሳይወድ በግድ ወደ ቤት፣ ወደ አሳዳጊ ይሄዳል። ሰርዤ አስተካከልኩት። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና «እሱስ ልክ ነው፤ ቤትም እግሩ አያርፍም» ብለው ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼን የማለማምደው አንዲት ጥያቄ በማስቀደም ነው፦ ጥፋቱ የማን ነው? መልሱ ቃሉን ይመርጥላችኋል።

ልጁ ራሱ ካጠፋ «ቀበጠ» በቂ ነው፤ ግሱ ተሳቢ አይፈልግም። ጥፋቱ የሌላ ሰው ከሆነ «አ» ጨምሩበት፤ አቀበጠ ይሆናል። ጎረቤቴ ያሉት አያት የተቀቀለ እንቁላል በነጠላቸው ሸሽገው ለልጅ ልጃቸው ሲያቀብሉት ልጃቸው ደርሳ «እማዬ፣ ኧረ አያቅብጡት!» ስትል ሰምቻለሁ። ልጁ እንቁላሉን ይዞ ሮጧል፤ ወቀሳው የወደቀው በአያቱ ላይ ነው። እናት በፈገግታ «አንቺ ቀበጥ!» ስትል ደግሞ ስድብ አይደለም፤ እዚህ ላይ ቃሉን የሚፈታው ድምፅ ነው። «የቀበጡ ዕለት ሞት አይገኝም» የሚለው ተረት ግን ፈገግታ የለውም። ልኩን አልፎ የተዋረደ ሰው ሞትን ቢመኝ እንኳ አያገኘውም ማለት ነው፤ ስለዚህ ገና ለቀበጠ ሳይሆን ቀብጦ ለተጸጸተ ሰው ይነገራል። በመጽናኛ ቦታ ያስገቡት ተማሪዎች ገጥመውኛል፤ እባካችሁ ተውት።

ጥፋተኛ ከሌለ «ቅምጥል» አለላችሁ። ተቀማጥሎ ያደገ ሰው የሚበላው ተመርጦለት፣ የሚለብሰው ተዘጋጅቶለት ኖሯል፤ ነገር ግን ባለጌ መሆን አይጠበቅበትም። በጥር ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አባት «ቅምጥል ልጄን ሰጠሁህ» ቢሉ ኩራት ነው። በዚያው ቦታ «ቀበጥ ልጄን» ቢሉ ሚዜዎቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። «እሹሩሩ ተብላ ያደገች» የሚለውም ለቅምጥል ይቀርባል፤ ትንሽ ቅናት ግን አለበት።

«ሞልቃቃ» ላይ አልቆይም። ቅምጥሉ አድጎ፣ ጢም አብቅሎ፣ አሁንም ውኃ ቅዱልኝ ሲል ሞልቃቃ ይባላል። ፍቅር የሌለበት ቃል ነው።

ብዙ ስሕተት የማርምበት «ቅንጦት» ነው፤ ተማሪዎች ከቅብጠት ጋር ያምታቱታል። ቅብጠት የጠባይ ነው፤ ቅንጦት ግን ብዙ ጊዜ የዕቃና የወጪ ነው። አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በወጣበት በ2012 «የቅንጦት ዕቃ» የሚለው ሐረግ በየዜናው ይሰማ ነበር፤ «የቅብጠት ዕቃ» ያለ ግን አልነበረም። ቅንጦት እንደ ኪሱ ይለያያል። በልጅነቴ ሻይ ላይ ሁለተኛ ማንኪያ ስኳር መጨመር እናቴ ዘንድ ቅንጦት ነበር። ሰው ሲሆን «ተቀናጣ» ይባላል። ነጭ ጤፍ የለመደ ልጅ የሰርገኛ እንጀራ ቀርቦለት ፊቱን ካዞረ «አትቀናጣ» በሉት። እንጀራውን ወርውሮ ከተነሣ ያኔ ቀብጧል።

«ጥጋብ» ቀረ። በእኛ አገር ገብስ የበላች በቅሎ ስትራገጥም፣ ምርት የገባለት ጎልማሳ ሰው ሲገፋም «ጠገበ» ይባላል። «ረሃቡን እንጂ ጥጋቡን አይችልም» የሚባለውም ለዚሁ ነው። ለልጅ አይሆንም፤ ከበድ ይላል። ለአዋቂ ከሆነ፣ በተለይ ጠላ ከተቀዳ በኋላ፣ «አንተ ጥጋበኛ» ከማለታችሁ በፊት የሰውየው ዱላ የት እንደተደገፈ አይታችሁ ተናገሩ።